የመምህር በዛብህ የመስታወት ሙዳይ

በየከተማው አንድ «አንድ አይደሉም» ባይ አለ። ከተማ ሲቆረቆር መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይተከላል፤ ቀጥሎ ገበያ ይቆማል፤ ከዚያ ይህ ሰው ማን እንደጠራው ሳይታወቅ ይመጣና ገበያው መሃል ቆሞ፣ በግራ እጁ አንድ ድንች በቀኝ እጁ ሌላ ድንች ይዞ፣ «ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም» ማለት ይጀምራል። እናንተም ከተማ አለ። ስሙና ቆቡ ይለያይ እንደሆነ እንጂ አመሉ ያው ነው። የአንዱን ከተማ ያወቀ የሁሉንም ያውቃል፤ ይህን በድፍረት የምናገረው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንዱ ጋር በቀርከሃ አጥር ተጎራብቼ ስለኖርኩ ነው።

የእንጅባራው ክቡር መምህር በዛብህ ይባላሉ። እሳቸው ባዮሎጂ፣ እኔ አማርኛ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እናስተምራለን። «ክቡር» የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ መንግሥት ገና አልደረሰበትም። አንቱታውም የኔ ነው። እኩያዬ ስለሆኑ ፊት ለፊት «አንተ በዛብህ» ነው የምላቸው፤ ብዕር ስይዝ ግን እጄ እሺ አይልም። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ደብሪቱንም አንቱ ልላት ሞክሬ ነበር። «እኔን አታስረጀኝ፣ እሱን እንደፈለግህ አድርገው» ብላ ከለከለችኝ።

ከድንቹ ልጀምር። አንድ የገበያ ቀን ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ የመጣች ሴት ድንቿን ከምራ ተቀምጣለች። ክቡርነታቸው ጎንበስ አሉ። ሴትዮዋ ሁሉም የአንድ ማሳ ድንች ነው ብትል አልሰሟትም፤ ዓይኑን፣ ልጣጩን፣ ጎኑን እያዩ ክምሩን ሦስት ቦታ ከፈሉት። ገዢው እሳቸውን ባለ ድንች አድርጎ ይጠይቃቸው ጀመር። እሳቸውም የየአንዳንዱን ዘር ጠባይ ሲያስረዱ፣ የትኛው ለቅቅል የትኛው ለወጥ እንደሚሆን ሲያማክሩ ሰዓቱ ነጎደ። ሴትዮዋ ድንቿ አልቆላት እየመረቀቻቸው ስትሄድ ክቡርነታቸው ባዶ ዘንቢል ይዘው ቆመው ነበር። ሊገዙት የመጡትን ድንች ሸጠው ጨርሰውታል።

ዳንግላ ደግሞ ለመምህራን ስብሰባ ሄደን ጠዋት የወሰደን ጋሪ ከሰዓትም ሊመልሰን መጣ። እኔ ተሳፈርኩ። መምህር በዛብህ ፈረሱን አንዴ ዞረው አዩትና የጠዋቱ አይደለም አሉ። ባለ ጋሪው ማለ፣ ተገዘተ። ፈረሱ ያው ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ያው ነጭ አለው። ክቡርነታቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። እኔ ጋሪ ላይ ብቻዬን እንደ ሙሽራ ተቀምጬ፣ እሳቸው በእግራቸው ከጎን ከጎን እያዘገሙ ስለ ፈረሱ የኋላ እግር ሲከራከሩ መናኸሪያ ደረስን። ስወርድ ባለ ጋሪው ጠጋ ብሎ የጠዋቱን ፈረስ ለወንድሙ ሰጥቶ መምጣቱን በሹክሹክታ ነገረኝ። ለሳቸው ግን እንዳልነግርበት ለመነኝ።

የዚህ ዓይነት ሰው የሚያናድደው ልክ ሲሆን ነው። ጥሊሊ አጠገብ ሁለት ዘመዳሞች በጠፋች ጊደር ተጣልተው፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ከጫካ የተገኘችው ጊደር የጠፋችዋ ናት ተብሎ እርቅ ሊወርድ ሲል አንድ የዋህ ሰው መምህር በዛብህም ይዩዋት አለ። ሦስቴ ዞሯት። ቀንዷን አዩ፣ ሰኮናዋን አዩ። «ትመስላለች እንጂ አንድ አይደሉም» አሉ። እርቁ ፈረሰ። በሦስተኛው ቀን ዋነኛዋ ጊደር እስከ ሆዷ ጭቃ ለብሳ በራሷ እግር ቤቷ ገባች። እሳቸው ሊመረቁ ሲገባቸው ተኮረፉ።

ይህ ሁሉ ግን ማሟሻ ነው። የክቡርነታቸው ዋና ሥራ የሚሠራው በወይዘሮ ደብሪቱ ማድ ቤት መስኮት ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ አዳዲስ ማይክሮስኮፖች ሲመጡለት፣ ብርሃኑን በትንሽ መስታወት ከፀሐይ የሚቀበለው አሮጌው ማይክሮስኮፕ ዕቃ ቤት ተጣለ። መምህር በዛብህ ፈርመው ወሰዱት። ከቤቱ ሁሉ ፀሐይ በደንብ የምትገባው በማድ ቤቱ መስኮት ስለሆነ እዚያ ተተከለ፤ በርበሬው ተነሳ። ቀጥሎ ጨው ተነሳ። በሁለተኛው ዓመት መደርደሪያው በሙሉ የወንዝና የሐይቅ ውሃ በያዙ ብልቃጦች ተሞላ፤ በአንዱ ላይ «ዘንገና ዳር፣ አራተኛ ድንጋይ»፣ በሌላው ላይ «ዘንገና ዳር፣ አምስተኛ ድንጋይ» ተብሎ ተለጥፏል። አንድ ቀን የወይዘሮ ደብሪቱ የጥርስ ብሩሽ ጠፋ። ባሏ ወንዝ ዳር ድንጋይ ሲፍቁበት ተገኘ። እሷም መደርደሪያዋ እስኪመለስላት ድረስ በዚያ መሣሪያ ላትመለከት ምላ፣ መሐላዋን አጥብቃ ትጠብቅ ነበር።

የሚፋቀው ምን መሰላችሁ? ወንዝ ስትሻገሩ ድንጋይ ላይ አሟልጮ የሚጥላችሁ ቡናማ ልሃጭ አለ አይደል፤ እሱ ነው። እኔም የአማርኛ መምህር ነኝና ልሃጭ ልሃጭ ነው ብዬ እኖር ነበር። አንድ የጥቅምት ጠዋት ግን በአጥሩ ላይ ጠሩኝና ዓይኔን መሣሪያው ላይ እንዳደርግ አዘዙኝ። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነበር። ቀስ እያለ ብርሃኑ ሲጠራ አንዱ እንደ ታንኳ፣ አንዱ እንደ ግማሽ ጨረቃ፣ አንዱ እንደ ሰፌድ ክብ የሆነ የመስታወት ዕቃ ወለል አለልኝ። በሁሉም ላይ፣ ከፀጉር መቶ ጊዜ የቀጠነ መስመር፣ አንዱ ከሌላው ሳይዛነፍ ተሰምሮባቸዋል። ይህ ሁሉ በአንዲት ጠብታ ውስጥ ነው። እውነቱን ልናገር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስረግጠው የኖርኩት ይህን ነበር።

ዲያቶም ይባላሉ። አንዲት ሕዋስ ብቻ ሆነው ሳለ፣ ከድንጋይ ሟሙቶ ውሃ ውስጥ ከገባው ነገር ለየራሳቸው የመስታወት ቤት ይሠራሉ። ቤቱ እንደ ሙዳይ ክዳንና ታች አለው። አንዷ ለሁለት ስትከፈል አንደኛዋ ልጅ ክዳኑን፣ ሁለተኛዋ ታቹን ትወርሳለች፤ ሁለቱም የወረሱትን ክዳን አድርገው ከውስጡ የሚገባ አዲስ ታች ይሠሩለታል። ስለዚህ ታቹን የወረሰችው ከእናቷ ታንሳለች። የሷም ልጅ ከሷ ታንሳለች። ቤቱ ከትውልድ ትውልድ እየጠበበ ይሄድና አንድ ቀን ጥለውት ወጥተው እንደገና ትልቅ ይሠራሉ። ይህን ከነገሩኝ በኋላ ለሳምንት ያህል ሙዳይ ባየሁ ቁጥር ወሬዬን አቋርጥ ነበር።

እንግዲህ «አንድ አይደሉም» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ርስት የት ይገኛል? እነዚህን ፍጡራን ዘር ከዘር መለየት ማለት መስመራቸውን መቁጠር ነው። ክቡርነታቸው ፀሐይ ያለችበትን ቀን ሁሉ ይቆጥራሉ። እንጅባራ በክረምት ፀሐይ የምትባል ነገር ስለሌለ ከሰኔ እስከ መስከረም መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለው ደመናውን ይገላምጣሉ።

በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ ዐለት ሥር ካለች፣ እጅ ከምታደነዝዝ አንዲት ስም የለሽ ምንጭ ውስጥ፣ ከማንም ጋር የማትገጥም ሙዳይ አገኙ። እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ረዘም ብላ ወገቧ ላይ የቀጠነች፣ በአንድ ጎኗ ብቻ መሃል ላይ መስመሩ ተቋርጦ ባዶ ቦታ ያላት። ባህር ዳር አስገልብጠው ባመጧቸው ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት ውስጥ አልተገኘችም። በስልካቸው ፎቶ አንስተው ለአንድ የውጭ አገር ሊቅ ላኩ። ሊቁም እሱ እንደማያውቃት፣ አዲስ ልትሆን እንደምትችል፣ ቆጥረው እንዲጽፉ መለሰላቸው። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።

በዚህ ሙያ ደንቡ ቀላል ነው። አንዲትን ዘር መጀመሪያ ለይቶ ያሳተመ ሰው ስም ያወጣላታል፤ ስሙም ይጸናል። መምህር በዛብህ ስሙን ካዘጋጁት ቆይተዋል። በርበሬው የተነሳ ዕለት ለወይዘሮ ደብሪቱ አዲስ ዘር ካገኘሁ በስምሽ ትጠራለች ብለው ቃል ገብተውላታል። ለመደርደሪያው፣ ለመስኮቱ፣ ለጥርስ ብሩሹ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ትዕግሥቷ ሌላ የሚሰጧት አልነበራቸውም። እሷ ግድ የሌላት ትመስላለች። ይሁንና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ለማን ለማን እንደነገረች እኔ አውቃለሁ።

ወሬው የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ውብአየሁ ዘንድ ደረሰ። አቶ ውብአየሁ ስምን መልአክ ቢያወጣውም ያለ ድግስ አይጸናም የሚሉ ሰው ናቸው። እድሩ ለክርስትናው ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ጥያቄ ወንድ ናት ወይስ ሴት የሚል ነበር፤ ወንድ በአርባ ሴት በሰማንያ ቀን ነውና። ክቡርነታቸው ተጠርተው፣ ለሁለት እየተከፈለች እንደምትበዛና አብዛኛውን ዘመኗን ወንድም ሴትም እንደማትባል ሩብ ሰዓት አስረዱ። ሽማግሌዎቹ በጥሞና አዳመጡ። ከዚያ ደብሪቱ ከተባለች ሴት ናት ብለው በሰማንያ ቀን ወሰኑ። የሊቁ መልስ ከመጣበት ከኅዳር አንድ ተቆጥሮ ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም፣ እሁድ ዋለ። ቄሱ ድንጋይ ላይ ለበቀለ ነገር ክርስትና እንደማይነሳ፣ ለድግሱ ግን እንደሚመጡ አስታወቁ። ጌሾ ተወቀጠ።

ጥር 12 ቀን፣ የጥምቀት ማግስት፣ ከአውሮፓ ለበዓል የመጣ ሰው አንድ ጥቅል አደረሰ። የላከችው ሜላት ናት። ሜላት የመምህር በዛብህ የድሮ ተማሪ ነበረች፤ በዚያችው የማድ ቤት መስኮት መቁጠር ተምራ አሁን በምድር ዋልታ አጠገብ ባሉ ጅረቶች ላይ ለዶክትሬቷ ታጠናለች። ጥቅሉ ውስጥ የታተመ ጽሑፍ፣ በሱፍ ካልሲ የተጠቀለለ ስስ መስታወትና አንድ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጅረቱ ከበረዶ ግግር ሥር ወጥቶ የሚፈሰው በዓመት ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ደርቆ፣ በርዶ ይከርማል። ይህቺ የላክሁልዎ ሙዳይ ግን ድንጋዩ ላይ እንደ ደረቀች ትቆይና ውሃው ሲመጣ ትነሳለች። ከዚህ በቀር የትም የለችም። አምና ጽፌ ስም አወጣሁላት። እርስዎ ካላዩልኝ ግን ያለች አይመስለኝም።»

ክቡርነታቸውን ከተማሪያቸው ሥራ በላይ ደስ የሚያሰኛቸው ነገር የለም። መስታወቱን በጥንቃቄ መሣሪያው ውስጥ አስገቡ፣ ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። «ይመስላሉ እንጂ...» አሉ። አልጨረሱትም።

ዘጠኝ ቀን ቆጠሩ። በሁለተኛው ቀን ፊታቸው በራ፤ የሜላት ሙዳዮች ከሳቸዎቹ በግማሽ ያህል ያጥራሉ። አንድ አይደሉም ብለው በአጥሩ ላይ አበሰሩኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ድምፃቸው ጠፋ። ለኔ ያስተማሩትን ራሳቸው ረስተውት ነበር፤ ልጅ ከእናት እንደምታንስ። ተነስተው ምንጯ ድረስ ወረዱና ከሌላ ድንጋይ ፍቀው መጡ። እዚያ ትናንሾቹ ነበሩ። የቆጠሯቸውን ሁለት መቶ ሙዳዮች ከትልቅ ወደ ትንሽ ሲደረድሯቸው የዋልታዎቹ እንደ ቤተ ዘመድ መሃላቸው ገቡ። ቁመት ቢያንስም መስመሩ አይለወጥም፤ በሚሊሜትር አንድ መቶኛ ውስጥ ከዚህ ሃያ ሁለት፣ ከዚያ ሃያ ሁለት። በአንድ ጎን ያለችው ባዶ ቦታም ከዚህም አለች፣ ከዚያም አለች። ድንች ከድንች፣ ፈረስ ከፈረስ ሲለዩ የኖሩት ሰው አያትንና የልጅ ልጅን ሁለት ዘር አድርገው ሊጽፉ ነበር።

እዚህ ላይ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ጠላው ተጠምቋል፣ ሰው ተጠርቷል፣ የደብሪቱ አንገት ቀና ብሏል። ስለዚህ መከርኳቸው። ከዚህ ተነስቶ እስከዚያ በረዶ ድረስ ሄዶ የሚያመሳክር ማነው? ዕድሜህን ሙሉ ያልከውን አንዴ ድገመው፤ አንድ አይደሉም በል፣ ለሜላትም ላንተም አንዳንድ ትደርሳችኋለች አልኳቸው። ዓይናቸው ከመቁጠር ብዛት ቀልቷል።

«ለድንች እንኳ ዋሽቼ አላውቅም» አሉ።

ቅዳሜ ለወይዘሮ ደብሪቱ ሊነግሯት ወሰኑ፤ ብቻቸውን መንገሩን ፈርተው እኔን ጠሩኝ። እሷ ለነገ ድግስ ድንች ታጥባለች። እሳቸው ቆመው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እንደ ተከሳሽ ነገሯት። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ከስንት ዓመት በኋላ መሐላዋን አፍርሳ ዓይኗን መሣሪያው ላይ አደረገች። ብዙ አየች። እሳቸው መስታወቱን ለወጡላት። እንደገና አየች።

«ይቺኛዋ ናት የበረዶ አገሯ?»

«እሷ ናት።»

«የቱ ጋ ነው የሚለያዩት?»

መምህር በዛብህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አይለያዩም። አንድ ናቸው።»

ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ቀና አላለችም። «እንግዲያማ ስም አላት» አለች፤ ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ። «ልጅቷ ሰይማታለች። ጥምቀት አንዲት ናት፤ የተጠመቀን ማን ደግሞ ያጠምቃል?» ክቡርነታቸው እንባቸው መጣ። እኔ ድንቹን ማየት መረጥኩ። «ዞር በል እስቲ» አለች ባሏን፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ብርሃኑን ከለልከኝ።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢው ሞላ። ክቡርነታቸው ተነሱና ምንጫችን ውስጥ ያለችውና በምድር ጫፍ በረዶ ሥር ያለችው አንድ መሆናቸውን፣ ስሟንም እንጅባራ ያደገች ልጅ ቀድማ ማውጣቷን፣ ክርስትናው መቅረቱን ተናገሩ። አቶ ውብአየሁ ጋኖቹን ዞረው አዩ። ሰው ሁሉ በምን ሰበብ እንደሚጠጣ ግራ ገባው። ከጥግ የተቀመጡት አባ ምህረቴ፣ ከገጠር የመጡ የሰማንያ ዓመት ገበሬ፣ ነገሩን ፈቱት።

«ዘመዷ እንዲህ ሩቅ አገር ተገኝቶ ሳለ፣ ጠላ ለዚህ ካልተጠጣ ለምን ሊጠጣ ነው?»

ተጠጣ። ሰውም ተራ ይዞ በማድ ቤቱ መስኮት ያይ ጀመር። ገብተው የወጡት ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት። አባ ምህረቴ ሁለቱንም መስታወት አይተው ሲያበቁ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ወደዚህ ነው የመጣችው ወይስ ከዚህ ወደዚያ ነው የሄደችው ብለው ጠየቁ። መምህር በዛብህ ነፋስም ይሁን የወፍ እግር፣ ከሺህ ዓመት በፊትም ይሁን ከሚሊዮን፣ «አላውቅም» አሉ። ከተማው ከበረዶው ይልቅ ይህን ቃል አላመነም። እኔ ግን ፊታቸውን አየሁት፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። ያን ሳምንት ወንዝ ሲሻገሩ ድንጋዩን ላለመርገጥ ሲጠነቀቁ ውሃ ውስጥ የገቡ ሦስት ሰዎች ቆጥሬያለሁ።

ለሜላት ጻፉላት። ከዚህ በቀር የትም የለችም ያልሽው ልክ አይደለም፣ ደጃችን ናት፣ አርሚው ብለው። እሷም ኔትወርኩ ሲመለስ መለሰች፤ በማረሟ እንዳላፈረች፣ እንደውም አልቅሳ እንደሳቀች፣ እርማቱን የሁለቱንም ስም ጽፋ እንደምታወጣው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ዘሯ የተገኘችበት ቦታ በጽሑፉ ላይ መጠራት አለበት፤ ምንጯ ግን በየትኛውም ካርታ ላይ ስም የላትም። ክቡርነታቸው ለመልሱ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም። ዛሬ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው የደብሪቱ ምንጭ እያለ ነው የሚጠራት። በርበሬውም ወደ መደርደሪያው ተመልሷል፤ ግማሹ ድረስ።

ባለፈው ደብረ ማርቆስ ሄጄ ገበያ መሃል አንድ ሰው ሁለት ሽንኩርት ይዞ «አንድ አይደሉም» እያለ ከነጋዴ ጋር ሲሟገት አገኘሁ። በየከተማው አንድ አለ ብዬ አልነበር? ደስ ብሎኝ ጠጋ አልኩ። ድምፁን ሰማሁ፣ የእጁን አያያዝ አየሁ፣ ሽንኩርቱን ወደ ፀሐይ ያነሳው እንደሆነ ጠበቅኩ። ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ሚኒባሴ እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ፣ የአንዱን ከተማ ያወቀ የሁሉንም ያውቃል ያልኩትን ለብቻዬ አረምኩት። ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም።